ሰዓት ይዞ ሰውን መንደፍ

(በሥዕል ክበባችን ስም በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሥዕል ክበብ አባሎች ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ልናስተምራችሁ ሳይሆን፣ ከስሕተታችን ያገኘነውን ጥቂት ትምህርት ልናካፍላችሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ሥራዎቻችንን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በሰቀልን ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ የኮራንበት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ የአንዲት ሴት ሥዕል ነበረ። ሦስት ሳምንት ደክመንበታል። የመቀነቷ ጥለት ሳይቀር ተቈጥሮ ተሥሏል። አዳራሹን የሚያጸዱት እናት መጥረጊያቸውን እንደ ያዙ ጥቂት ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ሸክሙ እኮ አይከብዳትም» ብለውን ሄዱ። ቅር ቢለንም ነገሩ እውነት ነበረ። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እንጨቱም በጀርባዋ ላይ ተለጥፏል እንጂ አልተጫናትም።

ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ ስንመረምር፣ ሁልጊዜ ከዓይን ወይም ከአፍንጫ የምንጀምር መሆናችንን አስተዋልን። ፊቱን ስናሳምር እንቈይና እግሩ ዘንድ ስንደርስ ወረቀቱ ያልቃል፤ ሰውዬውም የሚቆምበት መሬት ያጣል።

የዚህ መድኃኒት አዲስ ነገር አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ አርት ስቱደንትስ ሊግ የሚባል የሥዕል ትምህርት ቤት አለ። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1875 ያቋቋሙት ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው። በዚያ ያስተምር የነበረው ኪሞን ኒኮላይድስ፣ በ1 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሰውየውን ሁለንተና እንዲነድፉ ተማሪዎቹን ያለማምድ ነበር። የሚፈልገውም የሰውየውን መልክ ሳይሆን ሰውነቱ በዚያች ጊዜ የሚሠራውን ነው። እርሱ በ1938 ቢሞትም ዘዴውን የገለጸበት መጽሐፍ በ1941 ታትሞ ወጥቷል።

እኛም ይህን ዘዴ እንደ አቅማችን አድርገን ያዝነው። ከመካከላችን አንዱ ልብሱን እንደ ለበሰ በተራው ይቆማል፤ ሌላው ሰዓት ይይዛል። በመጀመሪያ 10 አቋቋም በየ30 ሴኮንዱ፣ ቀጥሎ 10 አቋቋም በየ1 ደቂቃው፣ ከዚያም 5 በየ2 ደቂቃው፣ 3 በየ5 ደቂቃው እንነድፋለን። የቆመው ሰው ጥቂት ካረፈ በኋላ በአንድ የ20 ደቂቃ አቋቋም እንጨርሳለን። ዕረፍቱ ሳይቈጠር በድምሩ 1 ሰዓት ነው። ሰዓት የያዘው «በቃ!» ሲል፣ ንድፉ ቢያልቅም ባያልቅም ወረቀቱ ይገለበጣል።

በ30 ሴኮንድ ዓይንና ቅንድብ መሣል አይቻልም። ስለዚህ እጃችን ወዶ ሳይሆን ተገዶ ዋናውን ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም ከራስ ተነሥቶ በአከርካሪ በኩል ክብደቱን እስከ ተሸከመው እግር ድረስ የሚወርደው መስመር ነው። ሰው በአንድ እግሩ ላይ ሲያርፍ በዚያ ወገን ያለው ዳሌው ከፍ፣ ትከሻው ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ከጕሮሮው ሥር ያለውም ስርጕድ ክብደቱን ከያዘው እግር በላይ ይውላል። ይህን ቀድሞም አንብበነዋል፤ በዓይናችን ያየነው ግን ሰዓቱ ባስጨነቀን ጊዜ ነው።

ሌላም ጥቅም አግኝተንበታል። አራት ጓደኞቻችን «እጃችን አይታዘዝልንም» ብለው ክበቡን ትተው ነበር። ሦስት ሳምንት የተደከመበት ሥዕል ሲበላሽ በእርግጥ ያሳፍራል። በ1 ሰዓት ከሚሠሩት 29 ንድፎች ሃያው ቢበላሹ ግን የሚያፍር የለም፤ ሁሉም እኩል አበላሽቷልና። ከአራቱ ሁለቱ ተመልሰዋል።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል፣ እናንተ ስለ ምን ትቸኩላላችሁ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አጭሩ ንድፍ ብቻውን ከቀረ እጅን ጭረት ብቻ ያስለምደዋል። የመዳፍ አሠራር፣ የጥላና የብርሃን ነገር ትዕግሥት ይሻሉ። የ20 ደቂቃውን አቋቋም ያልተውነውም ስለዚሁ ነው። አጭሩ የሚያስተምረን ከምን መጀመር እንደሚገባን ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከእንጦጦ የምትወርደው እናት ስለ ሥዕላችን ብላ አትቆምልንም፤ ሸክም በጀርባዋ እያለ ቁሚልን ልንላትም አይገባንም። በፊታችን ስታልፍ ያለን ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በእነዚያ ሴኮንዶች ጀርባዋ እንዴት እንደ ጐበጠ፣ የትኛው እግሯ እንደ ተጫነ ለማየት ካልተለማመድን፣ የምንሥለው እርሷን ሳይሆን መቀነቷን ይሆናል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ቀን አንድ ክፍል እንዲፈቅድልን እንለምናለን። እናንተም መሣል ባትችሉ እንኳ መጥታችሁ ቁሙልን፤ መምህሮቻችንም ቢሆኑ 30 ሴኮንድ አይነፍጉንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ያንን ሥዕል እንደ ገና ጀምረነዋል። ሲያልቅ አስቀድመን የምናሳየው ለእኒያ እናት ነው።