በሲጋራ ወረቀት ላይ

እሷ፦ ማታ ከሥራ በኋላ ልብወለድ የሚጽፍ ሰው «አሳታሚ ሳይኖረኝ ለማን ብዬ?» ሲል ተርጓሚው ነቢይ መኮንን ትዝ ይለኛል። የማርጋሬት ሚቸልን ያን ትልቅ ልብወለድ በደርግ እስር ቤት ውስጥ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው።

እሱ፦ ትርጉም እኮ ነው! ታሪኩ ያለቀለት። ጀማሪው የሚጋፈጠው ባዶ ገጽ ነው።

እሷ፦ ልክ ነህ። እኔን የሚያስደንቀኝ አብረውት ለታሰሩት ማንበቡ ነው። ትርጉሙ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመው ኋላ ነው፤ አንባቢ ግን ከኅትመቱ በፊት ነበረው።

እሱ፦ እንግዲያው ጀማሪውም አንድ ምዕራፍ ይጨርስና ለሚወደው ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። የሰሚው ፊት የሚፈካበትን ቦታ ልብ ይበል፤ በማግስቱ ብዕር የሚያስነሳው እሱ ነው።

እሷ፦ ሰሚ ቢያጣስ? የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ያላሰበውን ሲመልስለት የሚሰማው ደስታም አለ፤ እኔ እሱን አስበልጣለሁ።

እሱ፦ አድማጮች፣ የመጀመሪያ ምዕራፋችሁን ለማን አነበባችሁ? ደውሉልን።