ስለ ቂጥኝ በሽታ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር



የትምህርት ቤታችንን በዓል በምናከብርበት ቀን ስለ ቂጥኝ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ስሙ በአደባባይ የማይጠራ፣ ሰው ሲጣላ ብቻ ለስድብ የሚያወጣው ቃል ነው። ነገር ግን ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ወረዳዎች ብዙ ጎልማሶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ቆላ ሲወርዱ፣ ከትዳራቸው ርቀው ወራት ሲቆዩ ኖረዋል። ከእነርሱም መካከል የእኛ አባቶችና ወንድሞች ስላሉ፣ ነገሩ የቤታችን ነገር ነው ብለን አምነናል።

ቂጥኝን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ ነው። ይኸንንም እ.ኤ.አ. በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በርሊን ላይ አገኙት። በሽታው የሚሻገረው በተለይ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእርጉዝ እናት ወደ ጽንስ ነው። ፀሐይ ላይ በመሽናት ወይም የጋለ ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ይመጣል የሚባለው ሐሰት ነው። ከበሽተኛ ጋር በአንድ መሶብ መብላትም፣ ጋቢውን መልበስም አያሲዝም።

በሽታው ከያዘ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው በብልት ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም በአፍ ወይም በፊንጢጣ አጠገብ፣ ጠንከር ያለ ቁስል ይወጣል፤ በጉያም ንፍፊት ያብጣል። ቁስሉ አያምም። በሴት ላይ ወደ ውስጥ ሊወጣ ስለሚችል ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜም ምንም ሳይደረግለት በራሱ ጊዜ ይሽራል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን። በሽተኛው በእነዚያ ሳምንታት ቅጠል ቀብቶ እንደ ሆነ ቅጠሉ፣ ፍል ውኃ ገብቶ እንደ ሆነ ፍል ውኃው፣ ከገበያ ክኒን ገዝቶ እንደ ሆነ ክኒኑ አዳነኝ ይላል፤ ለጎረቤቱም ይመክራል። ምንም ያላደረገው ሰው ቁስልም እኩል ሽሯል፤ እርሱ ግን የሚያመሰግነው መድኃኒት ስለሌለው ወሬው አይሰማም። የባለመድኃኒቱ ስም የሚገንነው በዚህ ይመስለናል እንጂ ሁሉም አታላይ ሆኖ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በቂጥኝ ግን ብዙው ሰው የሚደብቀው ነገር እንዳለ እንኳ አያውቅም።

ቁስሉ ከሻረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል። የማያሳክክ ሽፍታ በሰውነት ላይ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ሳይቀር ይወጣል፤ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ይኖራል፤ ጠጉርም እዚህም እዚያም ይመለጣል። ይህም በራሱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ለዓመታት ዝም ይላል፤ በደም ምርመራ ካልሆነ አይታወቅም። ካልታከሙት ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ ከ10 እስከ 30 ዓመት ቆይቶ ልብን፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር፣ አጥንትንና አንጎልን ያጠቃል። ዓይንንና ጆሮን ግን በማንኛውም ደረጃ ሊጎዳ ይችላል።

በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ፣ ከእ.ኤ.አ. 1932 እስከ 1972 ድረስ ወደ 400 የሚሆኑ ጥቁር በሽተኞች፣ በሽታው ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ሲባል ሳይታከሙ ተጠበቁ። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ተከለከሉ። እነዚያን ሰዎች ሌሎች በደሏቸው፤ እኛ ደግሞ በእፍረት ምክንያት ያንኑ በራሳችን ላይ ስናደርግ እንገኛለን።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የጽንሱ ነገር ነው። ያልታከመች እርጉዝ ጽንሱ ሊጨነግፍባት፣ ልጁም ሞቶ ወይም በሽታውን ይዞ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ደም ሲመረመር ቂጥኝም አብሮ እንዲታይ ያስፈልጋል። እናቲቱ ታክማ ባልዋ ካልታከመ ግን በሽታው ተመልሶ ይይዛታል። ወላጆቻችን ሆይ፣ በድፍረት አይቁጠሩብን፤ ባሎች ሚስቶቻቸውን ብቻ ወደ ጤና ጣቢያ ሰደው እቤት መቅረታቸው ትክክል አይመስለንም።

መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ማሆኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ቂጥኝን በእርሱ አዳነ፤ እስከ ዛሬም ባክቴሪያው ሊቋቋመው አልቻለም። በሽታው ዓመት ያልሞላው እንደ ሆነ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ በመርፌ ይሰጣል፤ ከዓመት ያለፈው ወይም ጊዜው የማይታወቅ ከሆነ በየሳምንቱ አንድ፣ ሦስት ጊዜ ነው። ነርቭ፣ ዓይን ወይም ጆሮ ከተነካ ሕክምናው ይጠነክራል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ጠበል የሚጠመቅ ሰው መርፌውን መተው አይገባውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል፤ ለቂጥኝም ከዚህ የተለየ ምክንያት አይታየንም።

መርፌው በተወጋ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊመጣ ይችላል። ይህ ባክቴሪያው ሲሞት የሚሆን ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይተዋል፤ እርጉዝ ከሆነች ግን ለሐኪሟ ትንገር። ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድንና የትዳር ጓደኛም እስኪታከም ድረስ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የዳነ ሰው እንደገና ሊያዝ ስለሚችል፣ ከ6 ወርና ከ12 ወር በኋላ ተመልሶ ደሙን ያስመረምራል።