የሱቃችሁን ኒዮን ከመቀየራችሁ በፊት

ዛሬ የምናወራው በየሱቁ ኮርኒስ ላይ ስለተሰቀለው ረጅሙ የኒዮን መብራት ነው። ባለሱቆች ዘወትር የሚጠይቁኝ «ቱቦውን አውጥቼ ኤል ኢ ዲ ብሰካበት ይሠራል ወይ?» እያሉ ነው። ሊሠራ ይችላል። ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የመብራቱ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ እወቁ።

እዚያ ውስጥ ባላስት የሚባል ከበድ ያለ ብረት አለ፤ ሲያረጅ እዝዝ የሚለው እሱ ነው። ከጎኑ ትንሽዬ ክብ ስታርተር አለች። ስታርተሯ ቱቦውን ታስነሳለች፣ ባላስቱ ደግሞ ኮረንቲውን ይገድባል። ማታ ማታ ኃይል ሲቀንስ ኒዮኑ ብልጭ ድርግም እያለ አልነሳ የሚለው ለመነሳት የሚበቃው ቮልቴጅ ስለሚያጣ ነው። ጥሩ ኤል ኢ ዲ በዚህ አይቸገርም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ስድስት ባለሁለት ቱቦ መብራት ያለው ሱቅ እንውሰድ። እያንዳንዱ ቱቦ 36 ዋት ነው፤ ባላስቱ በየቱቦው 9 ዋት ገደማ በሙቀት መልክ ያባክናል። 12ቱ ቱቦዎች አንድ ላይ 540 ዋት ይስባሉ ማለት ነው። በቀን 12 ሰዓት ከበሩ በ30 ቀን ቆጣሪው 194 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። በ18 ዋት ኤል ኢ ዲ ሲተኩ ወደ 78 ይወርዳል። ልዩነቱን በምትከፍሉበት ታሪፍ አባዙት።

ዋት የሚነግረን ግን ፍጆታውን ብቻ ነው። የብርሃኑ መጠን ካርቶኑ ላይ በሉመን ተጽፏል፤ ሉመን ያልተጻፈበትን ቱቦ እኔ አልገዛም። ከዚያ ቀለሙ አለ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚገዛ ሰው ነጠላውን ይዞ ወደ በር ወጣ ብሎ ጥለቱን በፀሐይ ሲያይ አስተውላችሁ ይሆናል። ርካሽ መብራት ሥር ቀዩ ጥለት ወደ ቡኒ ያደላል፤ ሰማያዊና ጥቁሩም አይለዩም። ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅም ሲ አር አይ በሚባል ቁጥር ይለካል፣ ጣሪያው 100 ነው። ለሸቀጣሸቀጥ ሱቅ 80 ይበቃል፤ ልብስ ለሚሸጥ ግን 90 ፈልጉ፣ ዋጋው ወደድ ቢልም። የነጭነቱ ዓይነት ደግሞ በኬልቪን ይጻፋል፤ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ለልብስ 4000 ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ገጠማው እንምጣ። አንዳንዱ ኤል ኢ ዲ ባላስቱ እንዳለ ይሰካል፤ አብራው የምትመጣውን ስታርተር መሳይ ዕቃ በድሮዋ ቦታ ትተካላችሁ። ሌላው ባላስቱና ስታርተሯ ከመስመሩ ወጥተው ኮረንቲ በቀጥታ የሚሰጠው ነው። ባላስታችሁ የሚጮህ ወይም ከልክ በላይ የሚግል ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ፤ ይህን ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ፌዝና ኒውትራልን በአንድ ጫፍ የሚቀበል ቱቦ አለ፣ በሁለት ጫፍ የሚቀበልም አለ፤ ከተምታታ ሾርት ይፈጥራል። በሁለት ጫፍ የሚቀበለው ደግሞ አንዱ ጫፍ ገብቶ ሌላው እጃችሁ ላይ ሳለ ሊይዛችሁ ስለሚችል መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ሥራው ሲያልቅ የመብራቱ ቤት ላይ «ኤል ኢ ዲ ብቻ» ብላችሁ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት፤ ነገ ሌላ ሰው አሮጌ ቱቦ እንዳይሰካበት።

አዲሱ ኤል ኢ ዲ ካጠፋችሁት በኋላ ደብዘዝ ብሎ መብራቱን ከቀጠለ፣ ብዙ ጊዜ ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው። ፌዙ አሁንም የመብራቱ ቤት ውስጥ አለና አስተካክሉት።

አሮጌዎቹን ቱቦዎች የትም አትጣሉ። ውስጣቸው ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ፤ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በፈረንጆች 2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ምርታቸውና የገቢና ወጪ ንግዳቸው እስከ 2027 መጨረሻ እንዲያበቃ የወሰኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሕፃናት የተጣለ ቱቦ እንደ ጎራዴ ይዘው ሲጫወቱ ሳይ እደነግጣለሁ። ከተሰበረባችሁ በርና መስኮት ከፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃዎች ውጡ። በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ ዱቄቱን ያቦነዋል። ስብርባሪውን በጠንካራ ካርቶን ዝቃችሁ፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉና ጨርቁን ጨምራችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉት። ያልተሰበሩትን አዲሶቹ በመጡበት ካርቶን ከታችሁ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ፤ የሚረከብ ሳታገኙም ለቆራሌው አትስጡ።