ለላፕቶፑ ቁልፍ ተገዝቶለታል፤ ለመምህሩስ?

(በአንድ የአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆችና የመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ ወላጆች በሚያዋጡት ገንዘብ 50 ላፕቶፕ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ነው። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ጠመኔ ከያዝኩ 27 ዓመት አልፎኛል። «አሮጌ መምህር የቴክኖሎጂ ጠላት ነው» እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ይገዛ ባይ ነኝ። ነገር ግን የታደለንን የግዥ ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላፕቶፕ አለ። የብረት ሳጥን አለ። ቁልፍ አለ፤ ያውም ሁለት ሁለት። ለመስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለ። በምረቃው ዕለት ለሚቀርበው ለስላሳና ኬክ ሳይቀር ገንዘብ ተይዞለታል። ስለ መምህሩ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ለመምህራን የግማሽ ቀን ገለጻ ይሰጣል» ይላል። ማን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ ስለ ምን እንደሚሰጥ አይናገርም። በበጀቱ ዓምድ ላይ ደግሞ የተጻፈው ዜሮ ነው።

እኔ የመጣሁት በዚህች አንድ መስመር ላይ ልናገር ነው። ትንሽ ታገሱኝ።

ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ የፕላዝማ ተማሪዎች ነበራችሁ። በ1997 ዓ.ም. ነው የመጣው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ይለቀቅልን ነበር። ጎንደርም ሆነ ጅማ ወይም እዚህ ሸገር በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት። እኔም መሣሪያውን ከፍቼ ጥግ እቆማለሁ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ሰውዬው ምን አለ?» ይለኛል። ላስረዳው አፌን ስከፍት ሰውዬው ሌላ ጥያቄ ጠይቋል። «አሁን በደብተራችሁ ሥሩ» ይላል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና «በጣም ጥሩ!» ብሎ አመስግኖ ያልፋል። አንድም ልጅ አልሠራም እኮ! እሱ ግን ተደስቷል። ማስቆም አይቻልም፣ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት በሰማይ በኩል አለፈ ማለት ነው። በመምህራን ክፍል ውስጥ ራሳችንን «ከፋችና ዘጊ» ብለን እንጠራ ነበር። በቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ ያመን ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥዕሎቹ ግሩም ነበሩ። ማዕበል እንዴት እንደሚጓዝ እኔ በጠመኔ ሰዓት ሙሉ ብስል እንደዚያ አድርጌ ላሳይ አልችልም። እንግዲህ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አልነበረም። ጥፋቱ «መምህሩ በዚህ ዕቃ ምን ያደርጋል?» ብሎ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ተማሪው ሲወድቅ ግን «መምህሩ ብቃት የለውም» ተባለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ላፕቶፑም ቢሆን ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ቱኒስ ላይ «የ100 ዶላር ላፕቶፕ» ብለው አረንጓዴ መሣሪያ አሳዩ። እጀታው እየተዘወረ ኃይል ያመነጫል ተብሎ ነበር፤ እጀታው እዚያው መድረክ ላይ ተነቅሎ እጅ ላይ ቀረ። ዋጋውም መቶ ዶላር ሆኖ አያውቅም፤ ፋብሪካ ሲገባ ወደ 190 ዶላር ተጠጋ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩት ወደ እኛም መጡ፤ የፊደል ገበታቸውም በአማርኛ የተሠራ ነበር። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ላፕቶፑን ያገኙት ኢትዮጵያውያን ልጆች ነገርን ከነገር አዛምዶ በማሰብ ካላገኙት በልጠው ተገኝተዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ክፍል ውስጥ ግን ብዙ መምህር እንደ መጫወቻ ቆጥሮ «አጥፉ!» ይል ነበር። መምህሩን አልፈርድበትም። 60 ልጅ ይዞ፣ በማያውቀው መሣሪያ፣ ከማያዛምደው መጽሐፍ ጋር ምን ያድርግ?

የወንጪውን ታሪክ ደግሞ ሰምታችሁ ይሆናል። በ2012 እ.ኤ.አ. እኚሁ ሰው በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሁለት መንደሮች ትምህርት ቤት ረግጠው ለማያውቁ ልጆች ታብሌት በካርቶን አስቀመጡ። መምህር የለም፣ ገለጻ የለም። ልጆቹ ካርቶኑን ራሳቸው ቀደው፣ መክፈቻውን አግኝተው፣ የእንግሊዝኛ ፊደል እስከ መዝፈን ደረሱ ተባለ፤ ዓለምም አጨበጨበ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን አንድ ነገር ተድበስብሶ ቀረ። ለመሣሪያዎቹ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረጊያ ተሠርቶ ነበር፣ አጠቃቀሙንም ለትልልቅ ሰዎች አሳይተዋል፣ በየሳምንቱም ካርዳቸውን የሚቀይር ቴክኒሻን ይመጣ ነበር። በየሳምንቱ! «ያለ ሰው እርዳታ» የተባለው ሙከራ እንኳ ከእኛ ዕቅድ ይልቅ ለሰው እርዳታ ቦታ ሰጥቶ ነበር።

ወደ ባሕር ማዶ ልውሰዳችሁና ቶሎ እመልሳችኋለሁ። ፔሩ ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ ገዝታ ለልጆቿ አደለች። ለመምህራኑ የታሰበው ሥልጠና 40 ሰዓት ያህል ነበር። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ከ15 ወር በኋላ ለኩት፤ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ላይ ያመጣው ለውጥ የለም። ልብ አድርጉልኝ፤ በ40 ሰዓት ለውጥ ካልመጣ በግማሽ ቀን ምን ይመጣል?

ኡራጓይ ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ቪያ ካርዳል በምትባል ትንሽ ከተማ ጀምራ በሁለት ዓመት ውስጥ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ያሉትን ልጆች ሁሉ አዳረሰች። እዚያም መጀመሪያ ላይ ውጤቱ ቀዝቃዛ ነበር። በኋላ ግን ደጋፊ መምህር የሚሉት ሰው ትምህርት ቤቶች ውስጥ አስገቡ። ሥራው ሌላውን መምህር ክፍሉ ድረስ ገብቶ ማገዝ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ባጡ ጊዜም ከሩቅ ያለ መምህር በቪዲዮ በቀጥታ እንዲያስተምር አደረጉ። ይህ ታዲያ ከፕላዝማ በምን ይለያል ትሉኝ ይሆናል። የሩቁ መምህር ልጆቹን ያያል፣ ይሰማል፣ ይቆማል። ከክፍሉ መምህር ጋርም ስለሚቀጥለው ትምህርት በየሳምንቱ ይመካከራል። የክፍሉ መምህር እንግሊዝኛ ባይችልም ክፍሉ የእሱ ነው፤ ከልጆቹ ጋር እየተማረ ይመራዋል። እኔን ግን ማን አማከረኝ? ሳተላይቱ?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከዚህ በፊት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ 40 ላፕቶፕ መጣልን። አንድ ወጣት መጥቶ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ ስለ ዎርድና ስለ ኤክሴል ነገረን። የደመወዝ ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚሠራ አሳየን። የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ በላፕቶፕ እንዴት እንደማስተምር ስጠይቀው «እሱ የእርስዎ ሙያ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ልክ ነው። ግን እኔም አላውቀውም።

በማግሥቱ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊዋ ሞዴል 22 አቀረቡልኝ። «መምህር፣ ለሃያው እዚህ ጋ ይፈርሙ፤ ከጎደለ ወይም ከተሰበረ ከደመወዝዎ ነው» አሉኝ። ሃያ ላፕቶፕ! የእኔ ደመወዝ የአንዱን ግማሽ አይገዛም። «እትዬ፣ ልጅ እኮ ነው የሚይዘው» ብላቸው «ምን ላድርግ መምህር፣ በሞዴል 19 ሁሉንም የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ እኔም የሦስት ልጆች እናት ነኝ» አሉኝ። ምን ይመለሳል? ፈረምኩ። አንድ ቀን አስተማርኩ። ከ42 ደቂቃው 15ቱ በማደልና በመቁጠር አለቀ። አሥሩ ቻርጅ አልነበራቸውም። የቀሩትን ለ65 ልጅ አካፈልኩ። ደወል ሲደወል ልቤ ከበሮ ይመታ ነበር፤ ሃያውም እስኪቆጠሩ ድረስ።

በሁለተኛው ወር የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ክፍል ውስጥ የአንዱ ስክሪን በግፊያ ተሰነጠቀ። ከደመወዙ ለአሥር ወር ተቆረጠበት። ከዚያ በኋላ የሳጥኑን ቁልፍ የጠየቀ መምህር የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ይኸው በአደባባይ እመሰክራለሁ። ጎብኚ ሲመጣ ላፕቶፖቹ ተወልውለው ይደረደራሉ፣ ልጆቹ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ፣ ሪፖርቱ «በኮምፒዩተር የታገዘ ትምህርት ተጀምሯል» ይላል፣ ሳጥኑ ይቆለፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንከፍተው ባትሪዎቹ አብጠው አገኘናቸው።

«መምህሩ አይፈልግም፣ ሰነፍ ነው» ለሚሉን ኃላፊዎች መልሴ ይህ ነው። ፈርተን ነው እንጂ ሰንፈን አይደለም። ፍርሃቱም በሥልጠና አይጠፋም፤ በውሳኔ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህ ጉባኤ በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍርልኝ የምጠይቀው አለ። በትምህርት ሰዓት፣ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ቸልተኝነት የተሰበረ ዕቃ ከመምህሩም ከንብረት ኃላፊዋም ደመወዝ እንዳይቆረጥ፤ ለዚህም የጥገና ገንዘብ ከመዋጮው ተነሥቶ ለብቻው እንዲቀመጥ። ይህ ካልተወሰነ ዶክተር አምጥታችሁ ብታሠለጥኑንም ላፕቶፑ ከሳጥን አይወጣም።

ሥልጠናውን በተመለከተ ጊዜ የለም የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ጊዜማ አለ! እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያውል መመሪያ አለ። ባልደረቦቼ ትስቃላችሁ፤ «ተሙማ» ሲባል የሚታያችሁ ለሱፐርቫይዘር የሚሞላ ፎልደር ነው። እኔም የአምናውን ፎልደሬን ከካቻምናው ገልብጬ ነው የሞላሁት። ከዚያ ውስጥ 30ውን ሰዓት ለዚህ እናውለው። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት። እስከ ቀጣዩ ስንገናኝ አንድ ትምህርት ሞክረን የከሸፈብንን ይዘን እንመጣለን።

ሥልጠናው በየትምህርቱ ዓይነት ይሁን። የፊዚክስ መምህራን የፊዚክስን፣ የታሪክ መምህራን የታሪክን። ለምሳሌ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ፌት የሚባል ነፃ የቤተ ሙከራ ማሳያ አለ፤ አንዴ በፍላሽ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቤተ ሙከራችን ውስጥ አምፔር መለኪያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው! ልጁ በዚያ ላይ ሽቦ ቀጥሎ አምፖል ያበራል፤ ቢሳሳትም የሚቃጠል የለም። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ባለፈው ክረምት ከእህቴ ልጅ ነው፤ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ አላፍርበትም። ለዚህ ነው ላፕቶፑ ለመጀመሪያዎቹ 12 ፈቃደኛ መምህራን በክረምቱ ቤታቸው እንዲወስዱት የምለው። ማንም ሰው በተማሪ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መደናበር አይፈልግም፤ ቤቱ ይደናበር።

ከዚያ ድጋፉ። ከመካከላችን አንዱ መምህር የክፍለ ጊዜ ጭነቱ በግማሽ ተቀንሶለት ሌሎቻችንን ክፍል እየገባ ያግዘን። ዳይሬክተራችን «ክፍተቱን ማን ይሸፍናል?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ሁለት ክፍለ ጊዜ በነፃ እጨምራለሁ፤ ሌሎች ሁለት ባልደረቦቼም ቃል ገብተውልኛል። በጉድኝት ማዕከላችን ያሉ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችም ቢገቡበት ጥገናውን መጋራት ይቻላል።

ስለ መብራቱ በአጭሩ፤ አንዱ ላፕቶፕ ሲሞላ 45 ዋት ቢወስድ 50ው 2,250 ዋት ነው። በ220 ቮልት ከ10 አምፔር ያልፋል። በዕቅዱ ላይ ያየሁት አንድ ሶኬትና ከእሱ ላይ የሚቀጣጠሉ ማከፋፈያዎች ናቸው። ይህ እሳት ነው። ኤሌክትሪሺያን ይጠራ።

አንዳንድ ወላጆች «የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፣ ልጄ ማውስ ሳትይዝ ልትፈተን ነው ወይ?» ብላችኋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መፈተናቸው እውነት ነው፤ ሥጋታችሁ የእኔም ሥጋት ነው። ግን ማውስ መያዝና መልስ መምረጥ የጥቂት ቀን ልምምድ ነው። የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ፈተናው በወረቀት ነበር። የጎደለው ማውስ አልነበረም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። በ50 ፈንታ 35 ይገዛ። የ15ቱ ዋጋ ለሥልጠናው፣ ለመስመር ዝርጋታውና ለጥገናው ይዋል። «መዋጯችንን ለመምህራን አበል ልትበሉት ነው» የሚል እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኛ አበል አንጠይቅም፤ ገንዘቡን የሚቆጣጠሩት ሁለት ወላጆች ይሁኑ፣ ደረሰኙም በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በኅዳር ወር ደግሞ ወላጆች ሳትነግሩን ወደ ክፍል ግቡና ሳጥኑ ክፍት መሆኑን እዩ።

የዕቅዱን ማሻሻያ በሁለት ገጽ ጽፌዋለሁ፤ ይኸው ለክቡር ሰብሳቢ አስረክባለሁ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እንዲነበብልኝ እጠይቃለሁ።