ዲበገር የአባት ስም ሲጠይቅ



በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፍሁት የፈተና ውጤት መደመሪያ ቢሳሳትብኝ፥ ጂዲቢ የተባለውን ዲበገር «ድምር» ስንት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «እንዲህ ያለ ስም የለም፥ አሁን ባለንበት ስፍራ» አለኝ። የኋለኛውን ግማሽ ልብ ሳልል ሁለት ሌሊት አፈጠጥሁ፤ ፋይሌን ነክተሃል ብዬ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን እስከ መቀየም ደረስሁ።

«ድምር» ያለው «ውጤት» ባልሁት ኔምስፔስ ውስጥ ነው። ዲበገሩ ስም የሚፈልገው ፕሮግራሙ ከቆመበት ተነሥቶ ነው፤ እኔ ያቆምሁት ግን ከዚያ ውጭ፥ በዋናው ፈንክሽን ላይ ነበር። እቤቱ «አበበ» ቢሉት ይበቃል፤ ሬጂስትራር ዘንድ ያለ አባቱ ስም ማን ያገኘዋል? ስለዚህ «ውጤት»፥ ሁለት ኮለን፥ ከዚያ «ድምር» ብዬ ጻፍሁ።

ወዲያው ታየ። ከ0 ሳይሆን ከ1 ጀምሬ በመቍጠሬ የመጀመሪያው ተማሪ ውጤት ሳይደመር ቀርቷል። ጓደኛዬን ሻይ ጋብዤዋለሁ።