የሰው ቁጥርና የመንደር መንገድ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሰው ቁጥርና ስለ መንገድ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። የህንድ አገር ገበሬ ግን ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ2011 ቆጠራ የህንድ ሕዝብ ከ1 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮን በላይ ነበር። ያኔ ከመቶው 69 ያህሉ ይኖር የነበረው በገጠር ነው። እዚያም እንደኛው አገር አንድ መንደር በየጎጡ ይከፈላል። ብዙው ጎጥ ትንሽ ነው። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ያን ጊዜ የአፈር መንገዱ ይጨቀያል፤ ወንዙ ይሞላል። የታመመ ሰው አልጋ ላይ ተጋድሞ በሰው ትከሻ ይወጣል። አትክልቱ ገበያ ሳይደርስ ይበሰብሳል።

ቢሃር በሚባለው ክፍል፣ ጌህሎር በምትባል መንደር፣ ዳሽራት ማንጂ የሚባል ድሃ የቀን ሠራተኛ ነበር። መንደሩን ከከተማው የሚለየው ድንጋያማ ተራራ ነው። ሚስቱ ሕክምና በጊዜ ሳታገኝ ሞተችበት። ከ1960 እስከ 1982፣ 22 ዓመት ሙሉ፣ ተራራውን በመዶሻና በመሮ ፈልፍሎ 110 ሜትር ያህል መንገድ አወጣ። 55 ኪሎ ሜትር የነበረው ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ወደ 15 ወረደ ይባላል። ጀግና ነው። ግን መንደር መንገድ እንዲያገኝ የአንድ ሰው ዕድሜ ማለቅ አለበት ወይ?

በታኅሣሥ 2000 የህንድ መንግሥት የገጠር መንገድ ሥራ ጀመረ። ደንቡ እንዲህ ነው። በሜዳ አገር 500 ሰውና ከዚያ በላይ ያለበት ጎጥ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ይሠራለታል። በተራራና በበረሃ አገር 250 ሰው ይበቃል። ያኔ ይታይ የነበረው የ2001 ቆጠራ ነው።

እስቲ አስቡት። 510 ሰው ያለበት ጎጥ መንገድ ያገኛል፤ 490 ሰው ያለበት ይጠብቃል። ጭቃው ግን አንድ ነው፤ ምጡም አንድ ነው። ገንዘቡ ለሁሉ ባንዴ ስለማይበቃ መንግሥት አንድ ቦታ መስመር ማስመር ነበረበት። ከመስመሩ በታች የቀረው ሰው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይቸገራል።

ደንቡ አንድ በር ከፍቷል። በሜዳ አገር በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ጎጦች ሰዋቸው ተደምሮ ሊቆጠር ይችላል። ለብቻ 300 ቢሆኑ፣ ከጎረቤታቸው 250 ጋር 550 ይሆናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። ደግሞም በ2024 አዲስ ዕቅድ ሲፈቀድ 25 ሺህ ጎጦች ታስበዋል። አሁን የሚታየው የ2011 ቆጠራ ነው። ስለዚህ በ2001 ከ500 በታች የነበረ፣ በኋላ ግን የበዛ ጎጥ ተራው ይደርሰዋል።

መንገዱ ሲሠራ ዳሩ ላይ በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ ሰሌዳ እንዲተከል ታዟል። ሥራ ተቋራጩም መንገዱን ለ5 ዓመት የመጠገን ግዴታ አለበት። ሰሌዳውን ማንበብ የሚችል ገበሬ «ጥገናው የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። ማንበብ የማይችል ግን በአጠገቡ ያልፋል።

መንገድ ብቻውን ሀብታም አያደርግም። ግን መንገድ ሲገባ መኪና ይገባል። እኛ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግር መኪና እንኳ የመጣችው ከዚያው ከህንድ ነው። አንዳንዱ ሰው ጠዋት ወጥቶ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ማታ ቤቱ ይገባል።

እንግዲህ ፊደል የቆጠራችሁ ወገኖቼ፣ ቆጣሪ ቤታችሁ ሲመጣ ትናንት የተወለደው ሕፃንም፣ ከቤት የማትወጣው አሮጊትም አይቅሩ። የተጻፈውንም ቁጥር ራሳችሁ አንብቡት።

እስቲ ተወያዩበት፦ የእናንተ ጎጥ ስንት ሰው ነው? ክረምት ከበጋ የሚያስኬደው መንገድስ ስንት ሰዓት ያስሄዳል?