የልጅ ሐዘን እድር የለውም



መርካቶ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሱቅ ይዘጋል፣ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። በዚያው ድንኳን ጥግ ግን አባቱ የሞተበት የስምንት ዓመት ልጅ ተቀምጧል። አላፊው ሁሉ ራሱን ዳበስ አድርጎት «ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል» ይላል። እኔ ዛሬ እፊታችሁ የቆምኩት አይረሳውም ለማለት ነው።

ይህን የኮሚክ ደራሲዎች ቀድመው ተረድተውታል። እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ አንድ ልብስ ነጋዴ ሌቦች ሱቁ በገቡበት ምሽት ሞተ። ልጁ ጄሪ ሲገል ከ6 ዓመት በኋላ ከጓደኛው ከጆ ሹስተር ጋር ጥይት የማይበሳውን ሱፐርማን ለአንባቢ አቀረበ። በ1939 የመጣው ባትማን ደግሞ ወላጆቹ ዓይኑ እያየ የተገደሉበት ልጅ ነው። ቁስሉ አልዳነም፤ ጭንብል ለበሰ እንጂ።

በ1940 «ኦል ስታር» የተባለው ኮሚክ በ3ኛ እትሙ በየፊናቸው የነበሩትን ጀግኖች በአንድ ማዕድ ሰበሰበ። በየተራም ያሳለፉትን አወሩ። ለእኔ ይህ እድር ነው። የጀግኖች ኅብረት ትልቁ ኃይል ቡጢው ሳይሆን አንዱ ሲናገር ሌላው መስማቱ ነው።

በእኛም አገር አቶ ብስራት ደበበ የመሠረቱት ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ሃዊ የተባለች ጀግናም ተከተለችው። በር ተከፍቷል ማለት ነው።

ወጣት ሠዓሊያን፣ በዚህ በር የመርካቶን ልጆች አስገቡልን። አውቶቡስ ተራ የወረደውንና ፌስታሉን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጥብቆ የያዘውን ልጅ ሣሉት። ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ የሚውለውን አጠገቡ አስቀምጡት፤ እርስ በርስ ያውሩ። አደራ፣ መከራቸውን አታስውቡት። ቁስል ለማንም ኃይል አይሰጥም፤ ኃይል የሚሰጠው ሰሚ ማግኘት ነው።

ለእኛም ለአዋቂዎቹ አንድ ቃል አለኝ። አማኑኤል ሆስፒታል እዚሁ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማችን ውስጥ አእምሮን ያክማል፤ እኛ ግን ስሙን ለስድብ እናውለዋለን። ልጅ ይህን እየሰማ አድጎ ጭንቀቱን ለማን ይናገር?

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ሱቃችሁን ቆልፋችሁ ቤት ስትገቡ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ወሬ ሲጀምርላችሁ አታቋርጡት። ዝም ሲል «እሺ፣ ከዚያስ?» በሉት።